ወለሉ የሚሰጠውና ክፍሉ የሚጠይቀው

የወለል ማሞቂያ እንደ ሴራሚክና እንደ ምንጣፍ በካሬ ሜትር ይሸጣል። በእንግሊዝ ከተሞች አሮጌ ቤት ገዝቶ የሚያድስ ሰው የሳሎኑን ርዝመትና ወርድ ለሻጩ ይነግራል፤ ሻጩ ሁለቱን ያባዛል፣ በካሬው ዋጋ መልሶ ያባዛል፣ ፕሮፎርማው ይወጣል። ገዢው ትንሽ ጠንቃቃ ከሆነና «ቤቱን ያሞቀዋል ወይ?» ብሎ ከጠየቀ የሚያገኘው መልስም አንድ ነው፤ «በካሬ 100 ዋት ይሰጣል።» ቁጥሩ ክብ ነው፣ ለማስታወስ ይቀላል፣ ሐሰትም አይደለም። ጉዳቱ ግን እዚህ ላይ ነው። 100 ዋት ወለሉ በተወሰነ ሁኔታ ሊሰጥ የሚችለው የመጨረሻው መጠን እንጂ ክፍሉ የሚፈልገው መጠን አይደለም። የአቅርቦት ቁጥር በፍላጎት ቁጥር ቦታ ገብቶ ይሸጣል ማለት ነው።

ነገሩ የቧንቧ ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የወለል ማሞቂያ ከሌላው የቤት ዕቃ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ቧንቧው ከተዘረጋ በኋላ ሊሾ ይፈስስበታል፣ በሊሾው ላይ ሴራሚክ ወይም ፓርኬ ይነጠፋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ራዲያተር ቢያንስ ተፈትቶ በትልቅ ይለወጣል፤ ተቀብሮ የቀረ ቧንቧ ግን ያለ ድጂኖ አይለወጥም። በለንደን፣ በስቶክሆልምና በፍራንክፈርት ለዓመታት ቆጥበው፣ በባንክ ብድር ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ገበያ ገዢዎች መካከል ስለሆኑ፣ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቁ የኪስ ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ 100 ዋት የተባለው ከየት መጣ? ለውኃ የወለል ማሞቂያ የወጣው የአውሮፓ ደረጃ ኢ.ኤን. 1264 ይባላል። ደረጃው ሰው በሚቀመጥበት የክፍሉ ክፍል የወለሉ ገጽ ከ29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዳይሞቅ ይወስናል። በመታጠቢያ ቤት እስከ 33፣ ሰው በማይቆምበት በግድግዳና በመስኮት ጥግ ደግሞ እስከ 35 ዲግሪ ይፈቀዳል። ገደቡ የተቀመጠው ለእግር ምቾት ሲባል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ የተሠሩት የወለል ማሞቂያዎች ሙቀት በሚያፈስ ቤት ውስጥ የገቡ ስለነበሩ ወለሉ ከመጠን በላይ እንዲግል ይደረግ ነበር። ነዋሪውም እግሬን አመመኝ፣ አበጠኝ እያለ ያማርር ነበርና የዕቃው ስም ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆይቷል።

ወለሉ ለክፍሉ የሚሰጠው ሙቀት በወለሉ ገጽና በክፍሉ ሙቀት መካከል ባለው ልዩነት ይወሰናል። ደረጃው እንደሚለው ይህ ልዩነት በ1.1 ኃይል ከፍ ይደረግና በ8.92 ይባዛል፤ የሚገኘው በካሬ ሜትር የሚወጣው ዋት ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ፣ ወለሉ 29 ቢሆን ልዩነቱ 9 ነው፤ ሒሳቡ ሲሠራ ልክ 100 ዋት ይመጣል። ዝነኛው ቁጥር ይኸው ነው። ማሽን ማስላት ያልፈለገ ሰው በግርድፉ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 11 ዋት ብሎ ቢይዝ ብዙም አይስትም።

እንግዲህ ልብ ይባል። ባለቤቱ ክፍሉን 20 ሳይሆን 21 ዲግሪ ላይ ማድረግ ቢፈልግ ልዩነቱ ወደ 8 ይወርዳል፤ ወለሉ ሊሰጥ የሚችለውም ከ100 ወደ 88 ዋት ይቀንሳል። ቧንቧው አልተለወጠም፣ ፓምፑም ያው ነው፤ አንድ ዲግሪ ሙቀት በመጨመሩ ብቻ ከአቅሙ አሥራ ሁለት በመቶ ተነሣ። ቤት ውስጥ አረጋዊ ወይም ሕፃን ያለበት ቤተሰብ ይበልጥ ሙቀት ሲሻ ወለሉ ይበልጥ እያነሰ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህ የአቅርቦቱ ወገን ነው። ፍላጎቱስ? የክፍሉ ፍላጎት ከወለሉ ስፋት ጋር የሚያገናኘው እምብዛም ነው። ክፍሉ የሚፈልገው የሚያፈስሰውን ያህል ነው፤ የሚያፈስሰው ደግሞ በግድግዳው፣ በመስኮቱ፣ በጣራውና በየስንጥቁ ነው። ባልዲ ሲያፈስ የሚለካው የቀዳዳው ስፋት እንጂ የባልዲው አፍ አይደለም።

አንድ ቤተሰብ በእንግሊዝ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ የጡብ ቤት ገዛ እንበል። ቤቱ ከተያያዙት ቤቶች መጨረሻ ላይ ያለ ነው። ሳሎኑ 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2.6 ሜትር ነው፤ ስፋቱ 20 ካሬ፣ በውስጡ የሚይዘው አየር 52 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሁለት በኩል ውጭ ያገኘዋል። መስኮቶቹ በድምሩ 4 ካሬ ሲሆኑ ሲቀነሱ የሚቀረው የውጭ ግድግዳ 19.4 ካሬ ነው። ከላይ የሚሞቅ መኝታ ቤት ስላለ በኮርኒሱ የሚወጣ የለም እንበል። ውስጡ 21 ዲግሪ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ለስሌት የተያዘው የክረምት ብርድ ከዜሮ በታች 3 ነው። ልዩነቱ 24 ዲግሪ ነው።

ባለሙያዎች ዩ ቫልዩ የሚሉት ነገር አለ። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ወይም መስታወት በውስጥና በውጭ መካከል ለሚኖረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት ስንት ዋት እንደሚያሳልፍ የሚገልጽ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለው መሐሉ ድፍን የሆነ የጡብ ግድግዳ ወደ 2 ገደማ፣ ነጠላ መስታወት ደግሞ ወደ 5 ገደማ ነው። ስለዚህ ግድግዳው 19.4 ሲባዛ በ2 ሲባዛ በ24፣ 931 ዋት ያወጣል። መስኮቱ 4 ሲባዛ በ5 ሲባዛ በ24፣ 480 ዋት ያወጣል። ቀሪው ነፋስ ነው። አሮጌ ቤት በበሩ ሥርና በመስኮቱ ዳር ይተነፍሳል፤ አየሩ በሰዓት አንድ ጊዜ ተኩል ሙሉ በሙሉ ይለወጣል ብንል፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.33 ዋት ሰዓት ስለሚፈጅ፣ 618 ዋት በስንጥቅ ይሄዳል። ድምሩ 2029 ዋት ነው።

2029 ለ20 ካሬ ሲካፈል 101 ይሆናል። ሻጩ «አላልኩም? 100 ዋት ነው» ቢል ሊፈረድበት አይችልም፤ ዳሩ ግን ሁለት ነገር ተረስቷል። አንደኛ፣ ክፍሉ በ21 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ወለሉ መስጠት የሚችለው 88 እንጂ 100 አይደለም። ሁለተኛ፣ 20ው ካሬ ሁሉ ወለል አይሆንም። የእሳት ምድጃው ሥር፣ ግድግዳ ላይ የተገነባው ቁም ሳጥንና መደርደሪያ ሥር ቧንቧ አይገባም፤ ቢገባም ሙቀቱ አይወጣም። እነዚህ 4 ካሬ ቢወስዱ የሚቀረው 16 ነው። 2029 ለ16 ሲካፈል በካሬ 127 ዋት ይሆናል። ይህን ለማውጣት የወለሉ ገጽ 32 ዲግሪ ላይ መድረስ አለበት፤ ከተፈቀደው በ3 ዲግሪ ይበልጣል።

ወለሉ በገደቡ ቢቆም 16 ካሬው 1400 ዋት ገደማ ይሰጣል። ከሚፈለገው 600 ዋት ይጎድላል። በዚያ ብርድ ቀን ሳሎኑ 19 ዲግሪ ሳይሞላ ይቆማል፤ ቤተሰቡም ሹራብ ደርቦ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰክቶ ይቀመጣል። ከተሰካ በኋላ ማሞቂያው እስከ መጋቢት አይነቀልም። ኪሳራው የሚጀምረው እዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ከወለሉ በፊት ሌላ ነገር ተደርጎ ቢሆንስ? መስኮቶቹ ዩ ቫልዩአቸው 1.4 በሆነ ድርብ መስታወት ቢለወጡ የመስኮቱ ወጪ ከ480 ወደ 134 ዋት ይወርዳል። ስንጥቁ ተደፍኖ የአየሩ ልውውጥ በሰዓት 0.8 ጊዜ ቢሆን 618 የነበረው 329 ይሆናል። ግድግዳው ሳይነካ ድምሩ 1394 ነው፤ ለ16 ካሬ 87 ዋት። ከ88ቱ ገደብ በአንድ ዋት ብቻ ያነሰ ነው። ክፍሉ ሞቀ ማለት ይቻላል፣ በአፍንጫው ላይ ቢሆንም። ግድግዳው ከውስጥ በፎም ተሸፍኖ ዩ ቫልዩው 0.35 ቢደርስ ደግሞ የግድግዳው 931 ዋት 163 ይሆናል። ጠቅላላው 626 ዋት፣ በካሬ 39 ዋት ብቻ። ወለሉ ያን ጊዜ 25 ዲግሪ ቢሆን ይበቃዋል፤ በእግር ሲረገጥ ሙቅ መሆኑ እንኳ ብዙም አይታወቅም።

አንድ ክፍል፣ አንድ ስፋት፣ ሦስት ፍላጎት፤ 127፣ 87 እና 39። በካሬ ሜትር የወጣው ፕሮፎርማ ግን ለሦስቱም አንድ ነው።

ታዲያ ይህ ስሌት እንዲህ ቀላል ከሆነ፣ ማባዛትና መደመር ብቻ ከሆነ፣ ገበያው ስለምን ዘለለው? ሰነፍ ሠራተኛ ላይ ማላከኩ ፍትሐዊ አይሆንም። ልምድ ያለው የእንግሊዝ ቧንቧ ሠራተኛ ለአርባ ዓመት በግምት ሲሠራ ኖሯል፤ ቤቶቹም ሞቀዋል። ምክንያቱ የጋዝ ቦይለሩ ነው። ለሻወር ውኃ ቶሎ እንዲያፈላ ሲባል በተራ ቤት የሚገባው ቦይለር 24 ወይም 30 ኪሎ ዋት ነው፤ ቤቱ ግን በብርዱ ቀን እንኳ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ከዚያ ሢሶ አይሞላም። ራዲያተሩም 70 ዲግሪ ውኃ ይገባበታል። ሠራተኛው በግምቱ በእጥፍ ቢሳሳት ቦይለሩ ይሸፍንለታል። ስሕተት ዋጋ ባልነበረው ገበያ ውስጥ ስሌት ገዢ አልነበረውም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ስንፍና ሳይሆን ምክንያታዊ ባሕርይ ነው።

የተለወጠው የሙቀት ፓምፕ ሲመጣ ነው። የሙቀት ፓምፕ እያንዳንዱ ኪሎ ዋት አቅሙ ገንዘብ ነው። ውኃውን ባሞቀው ቁጥር ቅልጥፍናው ይወርዳል፤ የሚልከው ውኃ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የኤሌክትሪክ ፍጆታው ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይጨምራል። የወለል ማሞቂያ የተወደደውም በዚሁ ነው፤ በ35 ዲግሪ ውኃ መሥራት ስለሚችል። በሚችልበት ቤት ውስጥ ከሆነ ነው እንጂ።

የዋጋውን ነገር በቁጥር ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ 2024 በነበረው ሩብ ዓመት የእንግሊዝ የኃይል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦፍጄም ያስቀመጠው የዋጋ ጣሪያ በአማካይ ለኤሌክትሪክ በኪሎ ዋት ሰዓት 24.50 ፔንስ፣ ለጋዝ 6.24 ፔንስ ነበር። ኤሌክትሪክ ከጋዝ አራት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ቋሚው ክፍያ ሳይታሰብ፣ 90 በመቶ ቅልጥፍና ያለው የጋዝ ቦይለር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት በ6.9 ፔንስ ይሰጣል። የሙቀት ፓምፕ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በዓመት አማካይ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ካወጣ 8.2 ፔንስ ይደርሳል፤ 4 ካወጣ ደግሞ 6.1 ፔንስ። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 3.5 ገደማ ላይ ነው። ከዚህ በላይ የሆነ ቤተሰብ በየወሩ ያተርፋል፤ ከዚህ በታች የሆነ ቤተሰብ ለአካባቢ አየር መልካም ሠርቶ በየወሩ ይቀጣል። ሁለቱን የሚለየው ውኃው በ35 ወይስ በ50 ዲግሪ ይላክ የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ የሚወስነው ከላይ የታየው የ127፣ የ87 እና የ39 ሒሳብ ነው።

በዚህ ላይ የምንጣፉ ነገር አለ። ሙቀት ከቧንቧው ወደ ክፍሉ ሲወጣ ንጣፉን ማለፍ አለበት። ካሬው 87 ዋት እንዲያሳልፍ ሲፈለግ ሴራሚክ አንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ይወስዳል፤ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዋርካ ሳይሆን የባሕር ማዶ ጠንካራ እንጨት ፓርኬ 8 ዲግሪ ያህል፤ ወፍራም ምንጣፍ 13 ዲግሪ ያህል። ሴራሚክ ብለው ያሠሩትን ወለል ከሁለት ዓመት በኋላ ምንጣፍ ቢያለብሱት ውኃው በ12 ዲግሪ የበለጠ መሞቅ አለበት፤ የኤሌክትሪክ ሒሳቡ በሩብና ከዚያ በላይ ያድጋል ማለት ነው። ምንጣፍ የሚሸጠው ሱቅ ይህን ለገዢው ይነግረዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። (ከምንጣፉ ይልቅ የከፋው ግን ከቧንቧው በታች የሚቀረው ፎም ነው። ሥራ ለማፋጠን ወይም የበሩን ከፍታ ላለመንካት ሲባል ፎሙ ከሳሳ ቤቱ ከታች ያለውን አፈር ያሞቃል፤ ለዚህም ሒሳብ ይከፈላል።)

መንግሥት በዚህ ገበያ ውስጥ ገብቷል። በእንግሊዝና በዌልስ ቦይለሩን በሙቀት ፓምፕ ለሚለውጥ ባለቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 የ5000 ፓውንድ ድጎማ ተጀመረ፤ በጥቅምት 2023 ወደ 7500 ፓውንድ ከፍ አለ። ድጎማው የሚሰጠው በኤም.ሲ.ኤስ. የተመዘገበ ተካይ ሲሠራው ነው፤ ይህ ተካይ ደግሞ የቤቱን የሙቀት ብክነት ክፍል በክፍል እንዲያሰላ ይገደዳል። እስከዚህ ድረስ ሕጉ መልካም ነው። በግንቦት 2024 ግን ቤቱ አስቀድሞ ጣራውንና መሐሉ ባዶ የሆነውን ግድግዳ እንዲሸፍን ይጠይቅ የነበረው ቅድመ ሁኔታ ተነሣ። ቅድመ ሁኔታው ብዙ ሰው ያሰናክል ስለነበር መነሣቱ ያስኬዳል። ሆኖም ከተነሣ በኋላ ገዢውን ከኪሳራ የሚጠብቀው አንድ በር ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ስሌቱ ነው።

በሩ ደግሞ የሚቆመው በተሳሳተ ቦታ ነው። የወለል ማሞቂያ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከሙቀት ፓምፕ ጋር አይደለም። ማድ ቤት ሲሰፋ፣ ትልቅ የመስታወት በር ወደ ጓሮው ሲከፈት፣ ኮንትራክተሩ ዕቃውን ከሱቅ አምጥቶ ቧንቧውን ይዘረጋል፤ ለጊዜው ከነባሩ የጋዝ ቦይለር ጋር ያገናኘዋል፤ ይሠራል። ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ የሙቀት ፓምፕ ሲመጣ የተመዘገበው ተካይ በሕጉ መሠረት ያሰላል፤ ቧንቧው ሰፍቶ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት መዘርጋቱን፣ መሆን የነበረበት ግን 10 እንደነበረ ያኔ ያገኘዋል። ሊሾው ከፈሰሰ ስንት ዘመኑ! እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ጀምሮ በእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ አዲስ የሚገባ ወይም ሙሉ በሙሉ የሚለወጥ የውኃ ማሞቂያ ከ55 ዲግሪ ባልበለጠ ውኃ ቤቱን እንዲያሞቅ ተደርጎ መሠራት አለበት፤ ለራዲያተር ይህ ከባድ ለውጥ ነው። ለወለል ግን 55 ዲግሪ ሰፊ በር ነው፤ በደንብ ያልተሰላ ወለልም በቀላሉ ያልፍበታል።

ስለዚህ ግዴታው ወደ ቧንቧው ሻጭ መውረድ አለበት። የወለል ማሞቂያ የሚሸጥ ድርጅት ከፕሮፎርማው ጋር አንድ ገጽ ወረቀት እንዲያያይዝ ቢገደድ ማንም አይጎዳም። ገጹ ላይ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ጥቂት ናቸው፤ ክፍሉ ያጣል የተባለው ዋት፣ ከቋሚ ዕቃ ነፃ የሆነው ወለል ስፋት፣ የታሰበው ንጣፍ፣ የቧንቧው ርቀት፣ የሚላከው ውኃ ሙቀት። ነጋዴዎቹ ስሌት ገንዘብ ያስወጣል፣ ደንበኛም ይሸሻል ይላሉ። እውነት ነው፣ ደንበኛ የሚሸሸው ግን ጎረቤቱ ሱቅ ያለ ስሌት ስለሚሸጥ ነው፤ ሁሉም ከተገደደ ወዴት ይሸሻል?

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነበር፤ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ሳያውቅ ሲቀር ገዢው ለጥሩውም ለመጥፎውም አንድ አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ ጥሩው ሻጭ በዚያ ዋጋ ስለማያዋጣው ይወጣል፣ ገበያውም ለመጥፎው ይቀራል። አስልቶ የሚሠራ ተካይ ግማሽ ቀን ቤቱን ሲለካ ይውላል፤ ያንን ግማሽ ቀን በዋጋው ላይ ሲጨምር «በካሬ» ከሚሸጠው ይወደዳል፤ ጨረታውንም ያጣል። ስሌቱን ከዕቃው ለይቶ፣ ለብቻው ዋጋ አውጥቶ፣ ዕቃ ለማይሸጥ ባለሙያ መክፈል አንዱ መውጫ ነው። ሐኪምና መድኃኒት ቤት የተለያዩት ለምን ሆነና?

ከመጠን በላይ መጨመርስ አያድንም ወይ የሚል አይጠፋም። ለመተማመኛ ተብሎ ትልቅ የሙቀት ፓምፕ መግዛት በጋዙ ዘመን የተለመደ ጥበብ ነበር። ዛሬ ግን ትልቁ ፓምፕ መጀመሪያ በዋጋው ይበልጣል፤ ቀጥሎም መለስተኛ ብርድ ባለበት ቀን፣ ማለትም በአብዛኛው የክረምት ቀን፣ ቶሎ ቶሎ እየተነሣና እየጠፋ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ቧንቧን አቀራርቦ መዘርጋት ግን ሌላ ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለአንድ ካሬ 5 ሜትር፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 10 ሜትር ቧንቧ ይፈጃል። ልዩነቱ የፕላስቲክ ቧንቧ ዋጋ ነው፤ ውኃውን በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ለማድረግ ከሁሉ የረከሰው መንገድም እሱ ነው። ተጨማሪ ገንዘብ ያለው ሰው ፓምፑ ላይ ከሚያወጣው ቧንቧው፣ ቧንቧው ላይ ከማውጣቱም በፊት መስኮቱ ላይ ቢያወጣ ይሻለዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው በእሳት ብቻ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለአዲስ አበባ የሚሆን አለ? ብዙ የለም። በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማዋ ሌሊት ወደ 8 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ያው ሳሎን ውስጡ 20 እንዲሆን ቢፈለግ ልዩነቱ 12 ነው፣ የሚያጣውም የእንግሊዙን ግማሽ፣ 1000 ዋት ያህል። ከላይ ቆርቆሮና ቺፕውድ ኮርኒስ ብቻ ከሆነ ይጨምራል። በቁጥር ሲታይ ወለሉ ይችለዋል። የማያዋጣው በሰዓቱ ነው። 7 ሴንቲ ሜትር ሊሾ በካሬ 140 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በ90 ዋት 8 ዲግሪ ለማሞቅ፣ ወደ ክፍሉ ምንም ሳይሰጥ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሙቅ ወለል የሚፈልግ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ማሞቅ መጀመር አለበት፤ ያን ጊዜ ውጭ ፀሐይዋ በነፃ ትሰጣለች። ቪላ የሚያሠራ ሰው ዘመድ ከውጭ የላከለትን ካታሎግ አይቶ ከመጎምጀቱ በፊት ሳሎኑ ፀሐይ ወደምታገኘው አቅጣጫ መዞሩን፣ የበሩ ሥርም መደፈኑን ቢያይ ገንዘቡ ይተርፈዋል። ኮሪያውያን ኦንዶል በሚሉት ዘዴ ከድንጋይ ወለል ሥር የምድጃ ጭስ እያሳለፉ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት ብርዱ ቀንም ሌሊትም፣ ለወራትም ስለሚዘልቅ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሞቅ ወለል ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛልና ለእንዲህ ያለው ብርድ ይመቻል።

በእንግሊዝም ሆነ በጀርመን ሥራውን ጀምሮ ወደ ኋላ መመለስ ለማይችል ቤተሰብ የቀረው ጥቂት ነው። ሊሾው ከመፍሰሱ በፊት ቧንቧው ውኃ ተሞልቶ በግፊት ይፈተን፤ ርቀቱ በሜትር እየተለካ በየክፍሉ ፎቶግራፍ ይነሣ። የሲሚንቶ ሊሾ ከፈሰሰ ቢያንስ 21 ቀን ሳይሞላው እሳት አይነካው። ከዚያም በ25 ዲግሪ ውኃ ሦስት ቀን፣ በንድፉ ከፍተኛ ሙቀት ደግሞ አራት ቀን ይሂድ። ኮንትራክተሩ የመጨረሻውን ክፍያ በአሥረኛው ቀን ከጠየቀ፣ ፎቶግራፉና የስሌቱ ወረቀት እስኪቀርብ ድረስ ቢቆይበት ቅር ሊለው አይገባም።